የኋላ ሞላ የሌለውን የተራራ ሳይክል በወፍራም ጎማ መንዳት

ወፍራም ጎማ የተገጠመለትን ሃርድቴል፣ ማለትም ሞላው ፊት ላይ ብቻ የሆነ የተራራ ሳይክል፣ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ምቾት ነው። ጎማው ትልቅ ስለሆነ የሌለውን የኋላ ሞላ ይተካል ብሎ ያስባል። አይተካም። ደህና አሞርዛተር ሁለት ሥራ አለው፤ ድንጋይ ሲመታው ይጨመቃል፣ ከዚያ በውስጡ ያለው ዘይት አመላለሱን ያዘገየዋል። ጎማ የሚሠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የታመቀው ንፋስ የተቀበለውን ምት ወዲያው መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ወፍራም ጎማ በእውነት የሚሰጣችሁ መሬት መያዝን ነው። ልቅ ጠጠር፣ የዛፍ ሥር፣ አሸዋ፣ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ቀጭኑ ጎማ ሲንሸራተት እሱ አይለቅም። የኋላው አሞርዛተር ግን አሁንም ጉልበታችሁና ቁርጭምጭሚታችሁ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ የንፋስ ልኩም አነዳዱም፣ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ጎማውና ቸርኬው

የምናወራው ስፋቱ 2.8 እና 3.0 ኢንች ስለሆነ ጎማ ነው፤ ሻጮች «ፕላስ» ይሉታል። 2.4 እና ከዚያ በታች መደበኛ ነው፣ 2.6 መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ከ3.8 በላይ ያለው ደግሞ ለበረዶና ለአሸዋ የተሠራው «ፋት» ነው። ሰርሊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ፐግስሊን ለገበያ ሲያቀርብ ፋት ጎማ ከጥቂት ሠሪዎች እጅ ወጥቶ ሱቅ ገባ፤ በ2012 ክራምፐስ በሚለው ሳይክሉ ባለ 3 ኢንቹን ጎማ በ29 ኢንች ቸርኬ ላይ አመጣ። ባለ 27.5ቱ ፕላስ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው።

በጎማው ጎን ላይ ከኢንቹ አጠገብ 71-584 ወይም 76-622 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ ሁለተኛው ጎማው የሚገባበት የቸርኬ ዲያሜትር። 584 ማለት 27.5፣ 622 ማለት 29 ነው። ጎማ ስትቀይሩ ሁለተኛው ቁጥር ከቸርኬያችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በመጀመሪያው ላይ መጠነኛ ነፃነት አላችሁ። ባለ 2.8 ጠፍቶ 2.4 ብታስገቡ ሳይክሉ ይሄዳል፣ ግን ከመሬት በ1 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ፔዳሉ ድንጋይ መምታት ይጀምራል፣ የንፋሱም ልክ ከፍ ማለት አለበት።

ሰው የሚረሳው የቸርኬውን ስፋት ነው። ለ2.8 እና ለ3.0 ጎማ የቸርኬው የውስጥ ስፋት ከ35 እስከ 40 ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ 30 ለ2.8 ይበቃል። ከ25 በታች በሆነ ቸርኬ ላይ ወፍራም ጎማ ከሥሩ ይጠብና ከላይ ያብጣል። በዝቅተኛ ንፋስ ኩርባ ስትገቡ ወደ ጎን ይታጠፋል። እንዲህ ያለ ቸርኬ ካላችሁ መፍትሔው ንፋስ መጨመር ነው፤ ንፋስ ስትጨምሩ ደግሞ ወፍራሙን ጎማ የገዛችሁበት ምክንያት ይጠፋል። ያኔ 2.4 ቢገጠም ይሻላል።

ጎማው ከፍሬሙ ጋር ያለውን ክፍተት በ6 ቁጥር አለን ኪ ለኩ። ቁልፉ በጎማውና በፍሬሙ መካከል በግራም በቀኝም ሳይነካ ማለፍ አለበት። አዲስ ጎማ ንፋስ ከያዘ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድና ሁለት ሚሊሜትር ስለሚሰፋ ልኬቱን ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ጎማው ላይ ተጣብቆ የሚዞር ጠጠር የፍሬሙን ቀለም፣ ቆይቶም ብረቱን ወይም ካርቦኑን ይበላዋል።

ንፋስ

በዚህ ሳይክል ላይ ከሚስተካከለው ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በመደበኛ ጎማ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ብዙ ሰው አያውቀውም። በወፍራም ጎማ ግን 2 ፒኤስአይ ሳይክሉን ሌላ ሳይክል ያደርገዋል፤ 14 ላይ ከሆነ ጎማ ላይ 2 ማለት ከጠቅላላው ሰባተኛው ነውና።

የመነሻ ሂሳቡ ቀላል ነው። ልብሳችሁንና የጀርባ ቦርሳችሁን ጨምራችሁ ክብደታችሁን በኪሎ ለ5 አካፍሉ፤ የሚወጣው ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚነዳ) ለሆነ 2.8 የፊት ጎማ መነሻ ፒኤስአይ ነው። ለኋላ 2 ጨምሩ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፊት 14 ኋላ 16፣ 90 ኪሎ የሚመዝን ፊት 18 ኋላ 20 ይሆናል ማለት ነው። ጎማው 3.0 ከሆነ ከሁለቱም 1 ወይም 2 ቀንሱ፣ 2.6 ከሆነ 3 ጨምሩ። ውስጡ ከመነዳሪ ካለ 3 ወይም 4 ጨምሩ፤ ካልጨመራችሁ ድንጋይ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ጨምቆ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይሠራበታል። ባርን ለሚጠቀሙ 14.5 ፒኤስአይ 1 ባር ነው።

መለኪያው ላይ ተጠንቀቁ። የቤት ፓምፕ ላይ ያለው ሰዓት ብዙ ጊዜ እስከ 160 ፒኤስአይ የሚቆጥር ነው፤ 14 ላይ መርፌው ከዜሮ ብዙም አልተነሳም፣ ስለዚህ ያለው ቁጥር የሚታመን አይደለም። እስከ 30 ፒኤስአይ ብቻ የሚለካ ትንሽ መለኪያ ግዙና ሁልጊዜ በዚያው ለኩ። መለኪያው በ1 ፒኤስአይ ቢሳሳት እንኳ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ከተሳሳተ ችግር የለውም። ጎሚስታ ጋ የምትሞሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። የመኪና ጎማ የለመደ እጅ ሳያስበው 35 እና 40 ያስገባል፣ ብዙ ወፍራም ጎማና ሰፊ ቸርኬ ደግሞ ያን አይፈቅድም። ከፍተኛው ልክ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፣ በቸርኬውም ላይ ካለ ዝቅተኛው ነው የሚሠራው።

ልኩን የምታገኙት በመንዳት ነው። ሥር፣ ድንጋይና አንድ ኩርባ ያለበት 200 ሜትር ያህል መንገድ ምረጡ። ከመነሻው ቁጥር በ3 ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ አንድ ጊዜ ሂዱ፣ ከሁለቱም ጎማ 1 ፒኤስአይ አስተንፍሱ፣ ድገሙት። ሳይክሉ ከድንጋይ ላይ እየነጠረ ከመስመራችሁ የሚያወጣችሁ ከሆነ ገና ብዙ ንፋስ አለ። ቀስ በቀስ ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ማለፍ ሲጀምር ልዩነቱን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ቀጥሉና ሁለት ምልክቶችን ጠብቁ፤ ኩርባ ውስጥ ሳይክሉ ወደ ጎን ሲዋልል፣ ወይም ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ጠጣር ድምፅ ሲሰማ። ከነዚህ አንዱ ከመጣ 1 ወይም 2 ፒኤስአይ መልሱ፤ ልካችሁ ያ ነው። ጻፉት። ፊትና ኋላን ለየብቻ መመዘን ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ የፊቱ ከምታስቡት በላይ ዝቅ ማለት ይችላል፣ ቸርኬ የሚመታው ደግሞ የኋላው ነው።

ከፍታና ሙቀት ይህን ልክ ያንቀሳቅሱታል፤ ለደጋ ነጂ ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ወደ ላይ ስትወጡ የውጪው አየር ስለሚሳሳ ጎማው ይጠጥራል። ቦሌ አካባቢ የተሞላ ጎማ እንጦጦ ጫፍ ሲደርስ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ጎንደር ሞልታችሁ ስሜን ውስጥ 3,600 ሜትር ላይ ያለው ጨነቅ ብትደርሱ ጭማሪው 2 ገደማ ነው። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ብትወርዱ 2 ያህል ይጎድላል፤ የቆላው ሙቀት ግን ከፊሉን ይመልሰዋል፣ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ፒኤስአይ ያህል ስለሚቀይር። በጠዋት ብርድ የተለካ ጎማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆሞ ሲለካ ቁጥሩ ቢለይ አትደንግጡ። የምትነዱበት ቦታ ስትደርሱ ለኩ፤ በዚህ ሁሉ ስሌት ከመድከም ያድናል።

ከመነዳሪውን ማውጣት

ወፍራም ጎማን በከመነዳሪ መንዳት ይቻላል፣ ግን ዝቅተኛ ንፋስና እሾህ አንድ ላይ ከመነዳሪን አይምሩም። የግራር እሾህ ባለበት ቆላም ሆነ ኩርንችት በሚበዛበት ሜዳ፣ እንዲሁም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ደረቅ መንገዶች ላይ ቱብለስ ቅንጦት ሳይሆን አስፈላጊ ነው።

የሚያስፈልገው ቱብለስ የሚቀበል ቸርኬና ጎማ፣ ከቸርኬው የውስጥ ስፋት በ3 ወይም 4 ሚሊሜትር የሚሰፋ የቸርኬ ቴፕ፣ ሁለት የቱብለስ ቫልቮላ፣ እና ለእያንዳንዱ 2.8 ጎማ ከ100 እስከ 120 ሚሊሊትር ማሸጊያ ፈሳሽ ነው። ቸርኬውን በአልኮል ጥረጉና ይድረቅ። ቴፑን ወጠር አድርጋችሁ ከቫልቮላው ቀዳዳ ተቃራኒ በኩል ጀምሩ፣ አንድ ዙር ከ10 ሴንቲሜትር መደራረቢያ ጋር ይበቃል፤ በጨርቅ በኃይል እየተጫናችሁ በሥሩ ያለውን አየር አስወጡ። ለቫልቮላው ቀዳዳውን በምላጭ አትቁረጡት፤ የተቆረጠ ጫፍ መቀደዱን ይቀጥላል። በወስፌ ወግታችሁ ቫልቮላውን ግፉበት፣ ከውጪ ያለውን ነት በጣት ብቻ አጥብቁ።

ጎማው ሲነፋ ካልተቀመጠ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ንፋሱ ከሚገባበት ፍጥነት በላይ በጠርዙ በኩል እየወጣ ነው። የጎማውን ጠርዝ በሳሙና ውሃ ቀቡ፣ የቫልቮላውን ውስጠኛ ፍሬ ፈታችሁ አውጡና ንፋሱ በሰፊው ይግባ። ኮምፕሬሰር ካለ ይረዳል፤ ቀጭኑን የሳይክል ቫልቮላ (ፕሬስታ) ወደ መኪና ቫልቮላ የሚቀይረው ትንሽ ነሐስ ግን ኪሳችሁ ውስጥ መኖር አለበት፣ ጎሚስታው ዘንድ ላይኖር ይችላል። ያም ካልሆነ ከመነዳሪ አስገብታችሁ ንፉትና አንድ ሌሊት ይደር። በማግሥቱ በአንድ በኩል ብቻ ከፍታችሁ ከመነዳሪውን አውጡ፤ ሌላው ጠርዝ ተቀምጦ ስለሚቆይ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ጎማው በሁለቱም በኩል «ጧ» ብሎ ሲቀመጥ ፈሳሹን በቫልቮላው በኩል ጨምሩ፣ ፍሬውን መልሱ፣ ቸርኬውን አግድም ይዛችሁ በየጎኑ እያዞራችሁ አራግፉ። አረፋ በጎማው ጠርዝ በኩል ከወጣ ይታሸጋል። በቸርኬው ሽቦዎች ሥር ከወጣ ግን ቴፑ ተበላሽቷል፤ ፈሳሽ ብትጨምሩ አይድንም፣ ቴፑን እንደገና መጠቅለል ነው።

ፈሳሹ ይደርቃል፣ በሙቅና ደረቅ አገር ደግሞ ቶሎ። በየ2 ወሩ ጎማውን ጆሯችሁ አጠገብ አራግፉት፤ የፈሳሽ ድምፅ ከሌለ 60 ሚሊሊትር ጨምሩ። እሾህ ከወጋችሁ ንቀሉትና ቀዳዳውን ወደ ታች አዙራችሁ ጠብቁ። በፈሳሹ የማይዘጋ ቀዳዳ በመወተፊያ ክር ይዘጋል። ጎኑ የተቀደደ ጎማን ከውስጥ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ደግፋችሁ ከመነዳሪ ማስገባት ይኖርባችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ለወራት በቱብለስ የተነዳ ጎማ በፈሳሹ የታሸጉ፣ ከውጪ የማይታዩ እሾሆች በውስጡ ተሰክተው ይገኛሉ፤ ከመነዳሪው እንደተነፋ ሁሉንም ያገኛቸዋል። ከማስገባታችሁ በፊት ጨርቅ ይዛችሁ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን አብሱ፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ ሁሉ እሾህ አለ፣ በፒንሳ ንቀሉት። ለመጠባበቂያ የወፍራሙ ጎማ ከመነዳሪ ከባድና ትልቅ ነው፤ የዚያው ዲያሜትር ባለ 2.4 ከመነዳሪ ተለጥጦ ወደ ቤት ያደርሳችኋል።

የፊት ሹካ

ሹካውን ከጎማው በፊት አታስተካክሉ። ጎማው ትንንሹን ምት ስለሚወስድ ሹካው ለትላልቁ ብቻ ይቀራል፣ ስለዚህ ትንሽ ጠንከር ቢል ይሻላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ኋላችሁ ስለማይወርድ ፊቱ ብቻ ሲወርድ የመሪው ማዕዘን ይበልጥ ቀጥ ይላል፣ ሳይክሉም ቁልቁለት ላይ በፊት ጎማው ላይ ሊጥላችሁ ይፈልጋል። ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ፔዳሎቹ ላይ ስትቆሙ ሹካው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይውረድ፤ ለ120 ሚሊሜትር ሹካ ከ18 እስከ 24 ሚሊሜትር ነው። ሹካው ላይ ያለችው ጥቁር ቀለበት ትለካላችሁ። የመመለሻውን ፍጥነት ከለመዳችሁት አንድ ወይም ሁለት ጠቅታ አዘግዩት፤ ጎማው ራሱ ስለሚያነጥር ሁለቱ ተደምረው እጃችሁን እንዳይመቱ።

አነዳድ

ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ኮረኮንች መውረድ በዚህ ሳይክል ወገብ ይጎዳል፣ ጎማው ምንም ያህል ቢወፍር። ቁልቁለት ሲጀምር ፔዳሎቹን እኩል ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ተረከዛችሁን ዝቅ፣ ጉልበታችሁን ለቀቅ፣ ክርናችሁን ወደ ውጪ። ክብደታችሁ እግራችሁ ላይ ይሁን፣ እጃችሁ ላይ አይደለም፤ መሪውን የያዙት ጣቶች ለአፍታ ቢከፈቱ ሳትወድቁ መቆም አለባችሁ። መቀመጫው በማንሻ የሚወርድ ካልሆነ ከረጅም ቁልቁለት በፊት ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉት፣ የቀድሞውን ቁመት በቴፕ ምልክት አድርጋችሁበት።

ዳገት የዚህ ሳይክል ቤቱ ነው። ቀጭን ጎማ ላይ ያለ ሰው ልቅ ጠጠር ሲገጥመው ክብደቱን ኋላና ፊት እያመጣጠነ ይጨነቃል፤ ወፍራሙ ጎማ ላይ የምታደርጉት ወደ ኮርቻው አፍንጫ ተንሸራቶ፣ ደረትን ዝቅ አድርጎ፣ በእኩል ኃይል መርገጥ ብቻ ነው። ቆማችሁ አትርገጡ። በእያንዳንዱ ርግጫ ጎማው እንደ ኳስ እየተጨመቀ ይነጥራል፣ ጉልበታችሁም እዚያ ይባክናል። ለደጋ ዳገት ከፊት 28 ወይም 30 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 46 እስከ 51 ጥርስ ያለው ማርሽ ቢኖር ከ3,000 ሜትር በላይ በሳሳው አየር ውስጥ እንኳ ሳያቋርጡ መውጣት ይቻላል። ቸርኬና ጎማው ከባድ ስለሆነ ከቆመ ለማስነሳት ያደክማል፤ ስለዚህ በዝግታም ቢሆን አትቁሙ፣ ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ።

በመንገድ ላይ ያለች 20 ሴንቲሜትር የምትሆን የድንጋይ ደረጃ ላይ የሚፈጠረውን በቅርብ ማየት ጥሩ ነው። ስትቃረቡ ፊቱን ለማቅለል ክብደታችሁን ወደ ኋላ ትወስዳላችሁ፤ የፊት ጎማ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብሎ እዚያው ኋላ ይቀራል። የኋላ ጎማው በሙሉ ክብደታችሁ ደረጃዋን ይመታል፣ ተጨምቆ ይወነጨፋል፣ ቸርኬው የሚጎዳውም ያኔ ነው። የፊት ጎማ እንዳለፈ ወዲያው ዳሌያችሁን ወደ መሪው ግፉ፣ እግራችሁን እጠፉ፣ ሳይክሉ ከሥራችሁ ይነሳ። የኋላው ጎማ ባዶ ሆኖ ደረጃዋን ይሳባታል እንጂ አይመታትም። ይህን በአንድ ደረጃ ላይ ደጋግማችሁ ብትለማመዱ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ በላይ ይጠቅማችኋል።

ተከታታይ ድንጋይ ባለበት ቁልቁለት ላይ የፍጥነት ወሰን አለ፣ ወሰኑን የሚነግራችሁ የኋላ ጎማ ነው። መንጠር ሲጀምር ከአንዱ ድንጋይ ሳያርፍ ሌላው ይደርሳል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይፈርንም። ፍሬን ይዛችሁ ከሆነ እዚያው አየር ላይ ይቆለፍና ሲያርፍ ይንሸራተታል። ፍጥነታችሁን ከድንጋዩ በፊት ለስላሳው ቦታ ላይ ቀንሱ፣ ድንጋዩ ላይ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ካለፋችሁ በኋላ እንደገና ያዙ። ሁለት ሞላ ያለው ሳይክል የያዘ ጓደኛችሁ ቀድሟችሁ ቢሄድ ተዉት፤ ዳገቱ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ኩርባ ላይ ራሳችሁን ሳይሆን ሳይክሉን አጋድሉ፣ የውጪውን እግር ታች አድርጋችሁ ተጫኑት። ጎማው ጥሩ ንፋስ ካለው ከምታምኑት በላይ ይይዛል። ንፋሱ ካነሰ ግን መጀመሪያ ይዋልላል፣ ቀጥሎ ጎኑ ይታጠፋል፤ ቱብለስ ከሆነ በጠርዙ በኩል «ፍስ» ብሎ ንፋስ ያመልጣል። ፍስ ካለ በኋላ ሳትለኩ አትቀጥሉ።

መኪና የሚበዛበት ጠጠር መንገድ ላይ የሚሠሩት ተከታታይ ሸንተረሮች ወፍራም ጎማን በተወሰነ ፍጥነት ላይ ያስጨፍሩታል። ከዚያ ፍጥነት ዝቅ ወይም ከፍ በሉ፤ መሃሉ ላይ መቆየት ብቻ ነው ስህተቱ። የመንገዱ ዳር ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። አሸዋ ላይ ከልካችሁ 2 ፒኤስአይ ቀንሱ፣ ቀለል ባለ ማርሽ ሳታቋርጡ ርገጡ፣ መሪውን አታዙሩ፤ አቅጣጫ የምትቀይሩት ሰውነታችሁን በማጋደል ነው።

ክረምት ላይ ስለ ዋልካ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለን፤ እርጥብ ዋልካ ላይ አትንዱ። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ አፈር ሊያገኝ ይችላል። ወፍራሙ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጭቃውን ይጠቀልላል፣ ከ20 ሜትር በኋላ ጎማው በፍሬሙና በሹካው መካከል አልዞር ይላል። በግድ ስትረግጡ ጭቃው ሰንሰለቱን ማርሽ መቀየሪያው ውስጥ ይጎትትና መቀየሪያው የሚንጠለጠልበትን የፍሬሙን ጆሮ ያጣምማል። ከገባችሁ ሳይክሉን ተሸክማችሁ ሣር ላይ አውጡ፣ በእንጨት ፋቁት። ቀይ አፈርና ጠጠር ግን ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይነዳል።

እንጦጦና መሰል የባህር ዛፍ ተዳፋቶች ላይ አደጋው ደረቁ ቅርፊት ነው። ተልጦ የወደቀው ረጅም ቅርፊት ከመንገዱ ጋር ትይዩ ሲተኛ ከሥሩ ይንሸራተታል፤ ስፋት ያለው ጎማም አያድንም። ቀጥ ብላችሁ፣ ፍሬን ሳትይዙ እለፉት። በነዚህ መንገዶች ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና አህዮች አሉ፤ መንገዱ የእነሱ ነው። ሸክም ያለው ሰው ዞር ማለት አይችልም፣ ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ በታችኛው በኩል ወርዳችሁ ቁሙ፣ ሲያልፉ ቀጥሉ።

ከተማ ውስጥ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ዝቅተኛ ንፋስ ጥሩ ነው፣ የድንጋዮቹን ጠርዝ ያቅፋል። አስፋልት ላይ ግን መሪው በራሱ ወደ ጎን መጎተት ይጀምራል፣ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት ካላችሁ ወደ 20 ወይም 22 ከፍ አድርጉት፣ ጫካው አፋፍ ላይ ስትደርሱ አስተንፍሱ። ለመመለሻው ትንሽ የእጅ ፓምፕ ያስፈልጋችኋል፤ ጎማው ብዙ ንፋስ ስለሚወስድ በትንሽ ፓምፕ ከመቶ ጊዜ በላይ መግፋት ይጠይቃል፣ ሰፊ በርሜል ያለውን ምረጡ።

ምን ያልቃል፣ ምን ይጎዳል

የኋላው ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ያልቃል። የመሃሉ ጥርስ ግማሽ ሲደርስ አዲሱን ጎማ ፊት ላይ አድርጉ፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሩ፤ የሚያዞራችሁና የሚያቆማችሁ የፊቱ ስለሆነ ሁልጊዜ የተሻለው እዚያ ይሁን። ብዙ ፕላስ ጎማዎች ክብደት ለመቆጠብ ጎናቸው ስስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሹል ድንጋይ በሚበዛበት አገር ጎኑ የተጠናከረውን መግዛት ያዋጣል፣ በአንድ ጎማ ከ100 ግራም በላይ ቢከብድም።

ከእያንዳንዱ ድንጋያማ ጉዞ በኋላ የኋላውን ቸርኬ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩና ጠርዙን በጣት ዳሱ። ትንሽ ጎድጓዳ ከተገኘና ጎማው ንፋስ ከያዘ ችግር የለውም። ጎድጓዳው ባለበት ንፋስ የሚሾልክ ከሆነ ጠርዙን በሚስተካከል ቁልፍ ቀስ አድርጎ ማቃናት ይቻላል፤ ይህ ለአሉሚኒየም ብቻ ነው። የካርቦን ቸርኬ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ መንዳት አቁሙና ቀይሩት። የቸርኬውን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን እየጨመቃችሁ አወዳድሩ፤ ከጎረቤቱ የላላ ካለ በሚቀጥለው ጉዞ ሌሎቹ ይከተሉታል፣ በዚያው ቀን አስጠብቁት። የጎድጓዳዎቹ ቁጥር ከጨመረ ደግሞ ወደ ንፋሱ ተመለሱ፤ የኋላውን 2 ፒኤስአይ ከፍ አድርጉ፣ የፊቱን ግን አትንኩት።